የቁልፍ ሠሪው ልጅና የሽቦው እንቢታ

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረች። ክብ ሸክላዋ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቦይ አላት፤ በቦዩ ውስጥ ጥቅልል ሽቦ ተኝቷል። ሶኬቱ ሲሰካ ሽቦው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ መቅላት ይጀምራል፣ በመጨረሻ እንደ ፍም ይግላል። ስሙ "ሬዚስታንስ" ነው። እናቴም፣ ጎረቤቶቻችንም፣ ባለሱቁም "ሬዚስታንሱ ተቃጠለ"፣ "ሬዚስታንስ አምጣልኝ" ይላሉ እንጂ ቃሉ ምን ማለት ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ሽቦው የተበጠሰ ለታ የሰፈራችን ጠጋኝ ይጠራል። የተበጠሱትን ሁለት ጫፎች ከቦዩ አውጥቶ፣ የነደደውን ክፍል በፒንሳ ቆርጦ፣ የቀረውን አንድ ላይ ጠምዝዞ መልሶ ያስተኛዋል። ምድጃዋ ትነሣለች። እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ትግላለች፤ ሽሮው ቶሎ ይንተከተካል። እናቴ በዚህ ደስ ሲላት ጠጋኙ ግን ራሱን ይነቀንቃል። "አይ እትዬ፣ ደስ አይበልዎት። ሽቦ ባጠረ ቁጥር ቁጡ ይሆናል። ቁጡ ደግሞ አይበረክትም" ይላል። እንዳለውም ወር ሳይሞላው ተመልሶ ይጠራል።

ይህ ሰው በዚያች አጭር ንግግር አንድ የተፈጥሮ ሕግ ተናግሮ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የጌኦርግ ሲሞን ኦምን ታሪክ ሳነብ ነው። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ጉዳዩን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፦ ቮልቱን ለአምፔሩ ቢያካፍል ሬዚስታንሱን በኦም ያገኛል፤ ቮልቱን በአምፔሩ ቢያባዛ ደግሞ ኃይሉን በዋት ያገኛል። ማካፈልና ማባዛት ብቻ! ታዲያ እንዲህ ያለው ቀላል ነገር ለምን የሰው ዕድሜ ፈጀ? ያገኘውስ ሰው ስለ ምን ሥራውን ለቆ ለዓመታት ተንከራተተ? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦም የተወለደው ማርች 16 ቀን 1789 ኤርላንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ነው። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ይሁን እንጂ ተራ ቁልፍ ሠሪ አልነበረም፤ መደበኛ ትምህርት ሳያገኝ በራሱ ጥረት ሒሳብና ፍልስፍና ያጠና፣ የተማረውንም ለልጆቹ ያስተማረ ሰው ነው። ከሰባት ልጆች ያደጉለት ሦስት ብቻ ናቸው። እናትየዋም ጌኦርግ የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ሞተች። ከሦስቱ አንዱ ማርቲን ኋላ የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ሆነ። የኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ሁለቱን ወንድማማቾች ፈትኖ፣ በስዊስ በሒሳብ ሊቅነታቸው ከታወቁት ከበርኑሊ ወንድማማቾች ጋር እንዳመሳሰላቸው ይነገራል።

የአባት ተስፋ ግን ወዲያው ፈተና ገጠመው። ጌኦርግ በ1805 ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መጽሐፉን ትቶ ዳንስ፣ የበረዶ ላይ ሸርተቴና ቢሊያርድ ያዘ። ከብረት ጋር ሲታገል ውሎ ማታ ልጆቹን ሒሳብ ሲያስጠና ላመሸው አባት ይህ የሚዋጥ ነገር አልነበረም። ከሦስት መንፈቅ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ አውጥቶ ወደ ስዊስ ሰደደው፤ ልጁ እዚያ ሒሳብ እያስተማረ እንጀራውን ይበላ ጀመር። መቼም የአባት ቁጣ አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ኦም በስደቱ ለብቻው የታላላቆቹን የሒሳብ ሊቃውንት መጻሕፍት እያጠና ቆይቶ በ1811 ተመልሶ ዶክትሬቱን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ግን የጠበቀው ድህነት ነው። በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የሚያገኘው ገንዘብ አላኖረው አለ። ባምበርግ ላይ ያስተማረበት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ1817 ስለ ጂኦሜትሪ ትምህርት የጻፋትን መጽሐፍ ለፕሩሲያ ንጉሥ ላከ፤ ይህችም መጽሐፍ ኮሎኝ ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህርነት ሥራ አስገኘችለት። ትምህርት ቤቱ ጥሩ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነበረው። ኦምም የተበላሸውን መሣሪያ የሚጠግን፣ የሌለውን የሚሠራ እጅ ነበረው፤ የቁልፍ ሠሪው ሙያ በዚህ ረገድ ከዩኒቨርሲቲው ያላነሰ ጠቀመው።

ዘመኑ ለእንዲህ ያለ ሰው የተመቸ ነበር። ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 የመዳብና የዚንክ ጠፍጣፋ ብረቶችን በጨው ውኃ በራሰ ጨርቅ እየለየ በመደርደር የመጀመሪያውን ባትሪ ሠርቷል። ዴንማርካዊው ኧርስቴድ በ1820 ኤሌክትሪክ የሚፈስበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አሳይቷል። በዚህ መነሻ መርፌዋ ብዙ ከዞረች ብዙ፣ ጥቂት ከዞረች ጥቂት ጅረት አለ ማለት ተቻለ። ዳሩ ግን ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። አምፔር መቁጠሪያ የለም፤ ቮልት መለኪያ የለም፤ ቮልትና አምፔር የሚባሉት ቃላትም ገና አልተፈጠሩም። ባትሪው ሽቦ ሳይገናኝ ሲቀር ያለውን "ውጥረት" የሚያጠኑ ነበሩ፤ ሽቦው ሲገናኝ የሚፈሰውን ጅረት የሚያጠኑም ነበሩ። አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚገዛው ግን ማንም አያውቅም ነበር። ታላቁ አምፔር እንኳ መንገዱ ሲዘጋና ጅረቱ ሲጀምር ውጥረቱ ይጠፋል ባይ ነበር።

ማንም አያውቅም ነበር ማለቴ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። አንድ ሰው ያውቅ ነበር፤ ይህ ሰው ግን ለማንም አልተናገረም። እሱም ሄንሪ ካቨንዲሽ የሚባል፣ እጅግ ባለጸጋና ከሰው የሚሸሽ እንግሊዛዊ ነው። ካቨንዲሽ በ1781፣ ማለትም ኦም ሳይወለድ 8 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኤሌክትሪክን በጨው ውኃ በተሞሉ የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ እያሳለፈ ፍሰቱ ከግፊቱ ጋር ልክ ለልክ እንደሚጨምር ደርሶበታል። መለኪያው ምን ነበር ቢሉ የገዛ ሰውነቱ! ቱቦውን በእጁ ይዞ ይነዘራል፤ ሌላውን ይዞ ይነዘራል፤ የቱ ይበልጥ እንደመታው አመዛዝኖ ይጽፋል። ጽፎም መሳቢያ ውስጥ ይከታል። በ1810 ሞተ። ማስታወሻው ታትሞ የወጣው ማክስዌል የሚባለው ሌላ ታላቅ ሊቅ አዘጋጅቶት በ1879 ነው፤ ማክስዌል የሙት ሰውን ንባብ ለማረጋገጥ ሲል እሱም በተራው ሰውነቱን አስነዝሮ ሞክሮታል። ሳይናገሩ የሞቱት ዕውቀት ለባለቤቱ እንጂ ለዓለም አይጠቅምምና፣ ኮሎኝ ያለው መምህር ከባዶ መጀመር ነበረበት።

የኦም ጥያቄ በጣም ቀላል ነበር። ሽቦ ሲረዝም ጅረቱ ይቀንሳል፤ ይህን ሁሉም አይቷል። ስንት ሲረዝም ስንት ይቀንሳል? ይህን ለማወቅ በ1825 የቮልታን ዓይነት ባትሪ ይዞ ተነሣ። ባትሪው ግን ከዳው። የዚያ ዘመን ባትሪ ሽቦው እንደተገናኘ አንድ ጊዜ ያንቧርቅና ወዲያው ይደክማል፤ ጥቂት ቢያርፍ ደግሞ ያገግማል። በሚወዛወዝ ሚዛን እህል እንደመመዘን ነው። ነጋዴው ሐቀኛ ቢሆንም ሚዛኑ ሌባ ነው። ኦም በዚህ ሚዛን መዝኖ፣ ቸኩሎም አንድ ቀመር አሳተመ። ቀመሩ ሎጋሪዝም ያለበት የተወሳሰበ ነገር ነበር፤ ስሕተትም ነበር።

እዚህ ላይ በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ሰው ይገባል። ጽሑፉን ያሳተመለት የፊዚክስ መጽሔት አዘጋጅ ፖገንዶርፍ፣ "ባትሪውን ተወው፤ የዜቤክን መንገድ ሞክር" ሲል መከረው። ዜቤክ በ1821 ያገኘው ነገር እንዲህ ነው፦ ሁለት ዓይነት ብረቶች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው አንደኛው መጋጠሚያ ቢሞቅ ሌላው ቢቀዘቅዝ በመካከላቸው ደካማ ጅረት ይፈሳል። ጅረቱ ደካማ ይሁን እንጂ አይወላውልም። የሙቀቱ ልዩነት እስካልተለወጠ ድረስ ግፊቱም አይለወጥም። ኦም የቢስሙትና የመዳብ መጋጠሚያ ሠራ። አንዱን ጫፍ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ ነከረ። ውኃ ሲፈላ የሙቀቱ ልክ ያው ነው፤ በረዶ ሲቀልጥም ያው ነው። ስለዚህ ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እኩል የሚገፋ ምንጭ አገኘ ማለት ነው። እኔ ከኦም ሥራ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ የአንድ ሕግ መገኘት የተመሠረተው በፈላ ውኃና በበረዶ ታማኝነት ላይ መሆኑን።

በጃንዋሪ 1826 ውፍረታቸው እኩል የሆነ፣ ርዝመታቸው የተለያየ ስምንት የመዳብ ሽቦዎች አዘጋጀ። አጭሩ 2 ኢንች፣ ረጅሙ 130 ኢንች ነው። ጅረቱን የሚለካው ከቀጭን ሽቦ በተንጠለጠለች የማግኔት መርፌ ነው፤ መርፌዋ ስትዞር ሽቦውን ወደኋላ እየጠመዘዘ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፤ ስንት እንደጠመዘዘ ይጽፋል። ከቁጥሮቹ ያወጣው ቀመር ይህ ነው፦ 7285ን ውሰድ፤ በሽቦው ርዝመት ላይ 20 ከሩብ ደምር፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። አንባቢ እስቲ ራሱ ይሞክረው። በ2 ኢንች ላይ 20 ከሩብ ሲደመር 22 ከሩብ ነው፤ 7285 ለዚህ ሲካፈል 327 ገደማ ይሰጣል፤ የኦም መሣሪያ ያሳየው 326 ከሦስት ሩብ ነበር። በ130 ኢንች ሲሠራ 48 ከግማሽ ይሰጣል፤ መሣሪያውም ያሳየው 48 ከግማሽ ነው። በመካከል ባሉትም ሽቦዎች ቢሆን ልዩነቱ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም።

የነዚህ ሁለት ቁጥሮች ትርጉም ምንድነው? ኦም የፈላውን ውኃ ትቶ የሙቀቱን ልዩነት ሲያሳንሰው ላይኛው ቁጥር፣ ማለትም 7285ቱ፣ አብሮ አነሰ፤ 20 ከሩቡ ግን ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ላይኛው ግፊት ነው፤ ኋላ ቮልት የተባለው። ታችኛው የመንገዱ እንቢታ ነው፤ ሬዚስታንስ የምንለው። 20 ከሩቡ የምንጩና የመሣሪያው የራሱ እንቢታ ሲሆን፣ የሽቦው ርዝመት ደግሞ በላዩ ላይ ይደመራል። ጅረት ማለት ግፊት ለእንቢታ ሲካፈል የሚገኘው ነው። አለቀ።

ማለቁስ አላለቀም። ኦም ግማሽ ደመወዝ እየተከፈለው የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ ወንድሙ ወዳለበት ወደ በርሊን ሄደ፤ እዚያም በ1827 ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የሒሳብ ትንታኔ የሆነውን መጽሐፉን አሳተመ። ፈረንሳዊው ፉርየ ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በሒሳብ አሳይቶ ነበር፤ ኦም ኤሌክትሪክም ልክ እንደዚያ ይጓዛል ሲል ጻፈ። ተስፋው በዚህ ሥራ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ማግኘት ነው። መልሱ ግን ቀዝቃዛ ሆነ። ምክንያቱን በአንድ ሰው ላይ መለጠፍ ለተራኪ ይመቻል፤ ብዙዎችም የሄግል ፍልስፍና ተከታዮችን ይወቅሳሉ። በርግጥ ፖል የተባለ የፊዚክስ ሰው እነሱ በሚያዘጋጁት መጽሔት ላይ መጽሐፉን ክፉኛ አብጠልጥሎታል፤ በፕሩሲያ የትምህርት ሚኒስቴርም ተፈጥሮን ከሐሳብ እንጂ ከመርፌ ንባብ መረዳት አይቻልም የሚል አመለካከት ደጋፊ ነበረው። እኔ ግን ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይመስለኝም። ኦም በቤተ ሙከራ ያገኘውን ጥርት ያለ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ብዙው የዘመኑ የፊዚክስ ሰው በማያነበው ከባድ ሒሳብ ሸፍኖታል። ሙከራውን አስቀድሞ፣ ሒሳቡን አስከትሎ ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ያም ሆነ ይህ ኦም ተከፋ። በ1828 የኮሎኙን ሥራ ለቀቀ። ከዚያ ወዲያ ለበርካታ ዓመታት በርሊን ውስጥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት በአንድ የጦር ትምህርት ቤት ሒሳብ እያስተማረ ኖረ። ዕድሜው 40 አለፈ፤ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ወንበር የለ። በ1833 ኑረምበርግ ባለው ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። በነዚህ ዓመታት ጀርመናዊው ፌሕነር፣ በሩሲያ ሌንዝ፣ በፈረንሳይ ፑዬ ሙከራውን በየበኩላቸው እየደገሙ ትክክል ሆኖ አገኙት። በመጨረሻ ክብሩ የመጣለት ከባሕር ማዶ ነው፤ በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ከፍተኛ ሽልማቱ የሆነውን የኮፕሊ ሜዳሊያ ሰጠው። በወጣትነቱ የተመኘውን የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ወንበር ሚዩኒክ ላይ ያገኘው በ1852፣ በ63 ዓመቱ ነው። የተቀመጠበት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ጁላይ 6 ቀን 1854 ዐረፈ።

የታሪኩ ሌላው ግማሽ፣ ማለትም ማባዛቱ፣ የተገኘው ደግሞ በአንድ የቢራ ጠማቂ ልጅ እጅ ነው። ጄምስ ጁል ማንቸስተር አጠገብ ካለችው ከሳልፎርድ ነው። በ1840 ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ ሽቦ በመስታወት ቱቦ ላይ ጠምጥሞ ውኃ ውስጥ ነከረና ጅረት ለቀቀበት፤ ውኃው በምን ያህል እንደሞቀ በቴርሞሜትር ለካ። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አልሆነም፤ አራት እጥፍ ሆነ። ጅረቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ። ሮያል ሶሳይቲ የላከለትን ጽሑፍ አሳጥሮ ጭማቂውን ብቻ አተመው፤ ሙሉው በሌላ መጽሔት የወጣው በ1841 ነው።

የኦምን ሕግ ለያዘ ሰው ይህ እንቆቅልሽ አይደለም። ኃይል ግፊት በጅረት ሲባዛ ነው። ነገር ግን በዚያው ሽቦ ውስጥ ጅረቱን እጥፍ ለማድረግ ግፊቱም እጥፍ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሁለቱም እጥፍ ሲሆኑ ብዜታቸው አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ የ60 ዋት አምፖል የሚስበው ጅረት ከአንድ አምፔር ሩብ እምብዛም አይበልጥም። የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል እንበል፤ ኃይሉ 220 በ16 ሲባዛ 3520 ዋት ነው። የምጣዱ ጅረት የአምፖሉን 59 እጥፍ ገደማ ነው። እንግዲህ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ምጣድ የሰካ ሰው በገመዱ ውስጥ የሚፈጥረው ሙቀት 59 እጥፍ ሳይሆን ከ3400 እጥፍ በላይ ነው። የገመዱ ላስቲክ ቀልጦ ቤቱ በጭስ ሲታፈን "መብራቱ በዛብኝ" ይላል። የበዛው መብራቱ አልነበረም።

ለሕጉ ሙሉ ዕውቅና ያስገኙለት ፕሮፌሰሮች ብቻ አይደሉም፤ ገንዘብም ነው፤ ያውም ባሕር ውስጥ የሰጠመ ገንዘብ። በኦገስት 1858 ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ አትላንቲክን የሚያቋርጥ የቴሌግራፍ ገመድ ተዘረጋ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የላከችው የ98 ቃላት መልእክት ለማለፍ 16 ሰዓት ፈጀበት፤ ቢሆንም ዓለም ጉድ አለ። የድርጅቱ የኤሌክትሪክ ኃላፊ ዋይትሃውስ የተባለ የሕክምና ሰው ነበር። ሞካሪ ነው፣ ትጉህ ነው፤ ነገር ግን የዊልያም ቶምሰንን ሒሳብ ንቆ ምልክቱ ሲደክምበት መፍትሔው የበለጠ መግፋት ነው ብሎ 2000 ቮልት ገደማ ለቀቀበት። የገመዱ መዳብ በባሕር ውኃ ውስጥ የተጠበቀው ጉታ ፐርቻ በሚባል የዛፍ ሙጫ ሽፋን ነው። ያ ሽፋን ድሮውንም በአሠራርና በአያያዝ ጉድለት ተጎድቶ ነበር፤ ግፊቱ ሲበዛበት ጨርሶ እጅ ሰጠ። ሦስት ሳምንት ገደማ እንደሠራ ገመዱ ዝም አለ።

ከዚህ ውርደት በኋላ የተካሄደው ምርመራ አንድ ግልጽ ጉድለት አሳየ፤ ሰው በማይለካው ነገር ይነግድ ነበር። ቶምሰን አስቀድሞ እንዳሳየው መዳብ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ንጹሑና ድብልቁ በእንቢታቸው እጅግ ይለያያሉ። ታዲያ መዳብ ሻጩን "ይህን ያህል እንቢታ ያለው ሽቦ አምጣ" ለማለት የጋራ መለኪያ ያስፈልጋል። አንዱ አገር በእንዲህ ያለ ሽቦ ማይል፣ ሌላው በሌላ ይቆጥር ነበር፤ ጀርመን ውስጥ ዚመንስ የአንድ ሜትር ቁመት ያለውን የሜርኩሪ ዓምድ መለኪያ አድርጎ ነበር። በ1861 ሁለት የኬብል መሐንዲሶች ለመለኪያዎቹ የሊቃውንቱን ስም እናውጣላቸው ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ኮሚቴ አቋቋመ። ቶምሰንና ማክስዌል የነበሩበት ይህ ኮሚቴ ዓመታት ደክሞ የሬዚስታንስ ናሙና ጥቅልል ሽቦ አዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ገመድ ሲበጠስ ባሕሩን ሁሉ ማሰስ ቀረ፤ የብስ ላይ ያለው ሰው ጅረትና ግፊቱን ለክቶ፣ አካፍሎ፣ "ብልሽቱ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ላይ ነው" ይላል፤ መርከብም ወደዚያው ይሄዳል። በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ቮልትን፣ አምፔርንና ኦምን አጸደቀ። ቁልፍ ሠሪው አባት ያወረሰው ስም በሳይንስ መዝገብ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ዋት ደግሞ በ1882 በዚመንስ ወንድም በዊልያም ሐሳብ አቅራቢነት መጣ፤ ስሙ የተወሰደው ከጄምስ ዋት ነው። የሚገርመው፣ ዋት የእንፋሎት ሞተር ሰው እንጂ የኤሌክትሪክ ሰው አልነበረም፤ አምፖል በየቤቱ ሳይገባ በ1819 ሞቷል።

ለከተሜው አንባቢ የሚቀርበው የኤዲሰን ሒሳብ ነው። ኤዲሰን ሰፈር ሙሉ በኤሌክትሪክ አበራለሁ ብሎ ሲነሣ የሒሳቡን ሥራ የያዘለት በርሊን ድረስ ሄዶ የተማረው ፍራንሲስ አፕተን ነው። ነገሩን በቀላል ቁጥር እንየው። አምፖሉ 1 ኦም ቢሆንና በ10 ቮልት ቢሠራ 10 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉ 100 ዋት ነው። 100 ኦም ቢሆንና በ100 ቮልት ቢሠራ 1 አምፔር ይስባል፤ ኃይሉ ያው 100 ዋት ነው። ብርሃኑ አንድ ነው። በመንገድ ላይ በተዘረጋው የመዳብ ሽቦ የሚባክነው ሙቀት ግን በመጀመሪያው 100 እጥፍ ይበልጣል፤ ብክነቱን ለማዳን መዳቡ ያን ያህል መወፈር አለበት፤ ያን ያህል መዳብ የሚገዛ ከበርቴ ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ እንኳ አይገኝም። ስለዚህ ቡድኑ የፈለገው እንቢታው ከፍ ያለ ቀጭን የከሰል ክር ነበር፤ በ1879 አገኘው። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 የኒውዮርኩ የፐርል ስትሪት ጣቢያ 110 ቮልት ገደማ በሆነ ግፊት ሥራ ጀመረ።

የኦም ሕግ በሁሉም ነገር ላይ እኩል አይሠራም። የአምፖል ክር ሲግል እንቢታው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ኤል.ኢ.ዲ. መብራት ደግሞ ግፊቱ ትንሽ ሲጨምር ጅረቱ ከልክ በላይ ይዘላል። የመለኪያው ናሙናም ከጥቅልል ሽቦና ከሜርኩሪ ዓምድ ርቆ ሄዷል፤ ከ2019 ጀምሮ ኦም የተመሠረተው በማይለወጡ የተፈጥሮ ቁጥሮች ላይ ነው። ለምድጃ ሽቦ ግን የኮሎኙ መምህር ሒሳብ ዛሬም ይበቃል።

እንግዲህ ያቺን የልጅነት ምድጃችንን ልስላት። 1000 ዋት ነበረች እንበል፤ በ220 ቮልት 4 ከግማሽ አምፔር ገደማ ትስባለች፤ ሬዚስታንሷ 48 ኦም ገደማ ነው። ጠጋኙ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እየቆረጠ የሽቦዋን ሩብ ቢያስቀረው 36 ኦም ይሆናል፤ ጅረቷ ወደ 6 አምፔር ያድጋል፤ ኃይሏም ከ1300 ዋት በላይ ይደርሳል። ሽቦው አንሷል፣ የሚሸከመው ሙቀት ግን በሲሶ ጨምሯል። የእናቴ ሽሮ ለምን ቶሎ እንደሚንተከተክ፣ ምድጃዋም ለምን ወር እንደማትቆይ ይህ ነው። ጠጋኙ ሥራውን ሲጨርስ የቆረጣቸውን ደህና ደህና ቁርጥራጮች ሰብስቦ ኪሱ ይከት ነበር። ምን ሊያደርግልህ ነው ስለው፣ ሽቦው ከልክ በላይ ላጠረበት ሰው ምድጃ ማስረዘሚያ እንደሚሆን ነገረኝ።